ይውጡልኝ ያልኳቸው ሰው

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፦ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ገና ሞተሩን እያሞቀ ነው። ረዳቱ የካሜራ ቦርሳዬን ከላይ ካልጫንኩ ብሎ ድርቅ አለ፤ እኔም ከጉልበቴ አላወርድም ብዬ ድርቅ አልኩ። እሱ ተሸነፈ፣ ጉልበቴ ደነዘዘ።

ከቦርሳው ሌላ የያዝኩት አንድ ጠፍጣፋ ካርቶን ነው። አርባ የታተሙ ፎቶዎች አሉበት፣ ሁሉም ከባሌ ተራሮች። ቀይ ቀበሮ፣ ደጋ አጋዘን፣ እንደ ዛፍ የሚረዝመው ጅብራ፣ ውርጭ የያዘው ሣር። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸዋል፤ የምጓዘውም በዚያው ጣጣ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት አዴ ዘይነባ ከጎባ ደወሉልኝ። የኦቦ ቃዲር ባለቤት ናቸው። ኦቦ ቃዲር ደግሞ ለዘጠኝ ዓመት ሳነቴ ተራራ ላይ መንገድ የመሩኝ፣ ዕቃዬን በፈረሳቸው የጫኑልኝ ሰው ናቸው። ካረፉ ስድስት ወር ሆናቸው። እኔ ያን ጊዜ ስልክ በማይሠራበት ጋምቤላ ወፍ ሳሳድድ ነበርኩ፤ መርዶውን የሰማሁት ሰው ሁሉ ለቅሶ ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ነው።

«የሠርግ ፎቶ አለን፣ ኮት ለብሶ ተቀምጦ፤» አሉኝ አዴ ዘይነባ። «እኔ የምፈልገው ተራራው ላይ ያለውን ነው። እዚያ ሲሆን ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም።»

«ሞልቶኛል» አልኳቸው።

አፌን በቆረጠው። አንድ ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ ፈለግሁ። የኦቦ ቃዲር አንድም ፎቶ የለኝም።

ረፋድ 4 ሰዓት፦ ሻሸመኔ

ፍርፍር በላን። ሾፌሩ አጠገቤ ተቀምጦ ቦርሳውን አየና ሠርግ ልቀርጽ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቀበሮ ነው የማነሳው አልኩት።

«ይከፍላል እንዴ ቀበሮው?» አለኝ፣ ፊቱ ላይ አንድም የቀልድ ምልክት ሳይኖር።

እናቴም ከዚህ የተለየ ነገር አልጠየቀችኝም። ሰው ሠርግ አንስቶ ቤት ሲሠራ እኔ ሳር ላይ ተጋድሜ አረጀሁ። ግን ምን ላድርግ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወር ከተቀመጥኩ የሳነቴ ብርድ ይናፍቀኛል። ብርድ የሚናፍቀው ሰው አይቼ አላውቅም፣ ከራሴ በቀር።

ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል፦ ከዶዶላ ወደ ዲንሾ

ኮፈሌን፣ ዶዶላን፣ አዳባን አለፍን። ገብስ ታጭዶ ተከምሯል። ጋቢ የደረቡ ፈረሰኞች ለአውቶቡሱ መንገድ የሚለቁት ሲመቻቸው ነው። ዲንሾ ስንደርስ ሦስት ደጋ አጋዘኖች ከአስፋልቱ ዳር ቆመው አዩን። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እኔ ቦርሳዬን አልከፈትኩም።

እያሰብኩ የነበረው ስለ አሠራሬ ነው። ሳነቴ ላይ ቀበሮ ለማንሳት ፀሐይ ሳትወጣ መድረስ ያስፈልጋል። ይመጣበታል ብለን የገመትነው ቦታ ላይ ኦቦ ቃዲር ይቆማሉ፤ ብርሃኑንና ርቀቱን ለመለካት ሁለት ሦስት ጊዜ አነሳቸዋለሁ። ከዚያ «ኦቦ ቃዲር፣ ይውጡልኝ» እላለሁ። መጥተው በግራዬ ይንበረከካሉ። ማታ ካርዱ እንዳይሞላ የሙከራ ፎቶዎቹን አጠፋለሁ። ሁሌም መጀመሪያ የማጠፋው እነሱን ነበር።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አደረግሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኔ ነው።

ከሰዓት 10 ሰዓት፦ ሮቤና ጎባ

ከሲናና በኩል የሚመጣው ነፋስ የስንዴ ገለባ ይዞ ይገባል። ሮቤ መናኸሪያ ስወርድ ኮምባይነር የጫነ ከባድ መኪና መንገዱን ዘግቶ ባጃጆቹ ሁሉ ይጮሁበታል። ከሱቅ ለለቅሶው ስኳር ገዛሁና በሚኒባስ ወደ ጎባ ወጣሁ። ድሮ ኦቦ ቃዲር ጎባ መናኸሪያ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «አካም ጅርታ?» ብለው፣ መልሴን ሳይሰሙ ቦርሳዬን ይነጥቁኛል። ዛሬ ስወርድ ሳላስበው ቆሜ ዙሪያውን ቃኘሁ። ናፈቁኝ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፦ ጎባ

አዴ ዘይነባ ከበር ተቀበሉኝ። አላህ ይርሐማቸው አልኩ፣ አሚን አሉ። ስኳሩን ተቀብለው ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ። የኦቦ ቃዲር ኮርቻ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው።

ካርቶኑን ፈታሁና አርባውን ፎቶ ዘረጋሁላቸው። እየተጠነቀቁ፣ ጫፋቸውን ብቻ እየነኩ፣ አንድ በአንድ አዩ። ሲጨርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የሚፈልጉትን አውቀዋለሁ። እኔ የካርቶኑን ክዳን እያጠፍኩ እዘረጋለሁ፣ ፈሪ ነኛ።

«እሱ የት አለ?» አሉ በመጨረሻ።

ነገርኳቸው። ቦታው ላይ እንደማቆማቸው፣ ይውጡልኝ እንደምል፣ ማታ ማታ እንደማጠፋቸው፣ ሁሉንም። እንደዛሬ አፍሬ አላውቅም። አዴ ዘይነባ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ቆይተው ከፎቶዎቹ አንዱን አነሱ። በእኔ ሥራ ሰው በጣም የሚወደው እሱ ነው፤ ቀበሮው ጅብራ ሥር ቆሞ ከካሜራው ትንሽ ወደ ጎን ይመለከታል። ምን እያየ ነው ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ፍልፈል ነው እላለሁ።

«ቃዲር በየት በኩል ነበር?»

«በግራዬ።»

ጣታቸውን ከቀበሮው ዓይን አነሱና፣ ከፎቶው ጠርዝ አሳልፈው፣ ምንጣፉ ላይ አሳረፉት።

«ታዲያ እሱን እኮ ነው የሚያየው፤» አሉ። «ጄዳላው አይቶታል። አንተ ነህ ያላየኸው።»

በአፋን ኦሮሞ ቀበሮው ጄዳላ ፈርዳ ነው፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። ፎቶውን ለብቻ ለይተው ከጎናቸው አስቀመጡት። ቀጥለው ነገ ወደ ተራራው እወጣ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ።

«የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ኢዳዬን ጨርሻለሁ፤ ከቤት መውጣት እችላለሁ» አሉ። «የቆመበትን ቦታ አሳየኝ።»

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፦ ሳነቴ

ወደ ደሎ መና የሚወርድ አይሱዙ ጋቢናው ውስጥ አስገባን። አዴ ዘይነባ ሹራብ ላይ ሹራብ፣ በላዩ የኦቦ ቃዲርን ካፖርት ደርበዋል። ስድሳ ዓመት በተራራው ግርጌ ኖረው ኦቦ ቃዲር ለሥራ ሲወጡ ተከትለዋቸው አያውቁም፤ ማን ከብቱን ይጠብቅ ነበር ይላሉ። የአምጃው ደን አለቀ፣ ዛፍ የሚባል ነገር ቀረ፣ ሜዳው ተዘረጋ። ሾፌሩ ከአንድ ኩሬ አጠገብ አወረደንና ሄደ።

ሣሩ በውርጭ ነጭቷል። ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል። ይህን ድምፅ ነው አዲስ አበባ ሆኜ የምናፍቀው፤ ዛሬ ግን ከጎኑ የሚጎድል ሌላ እርምጃ ሰማሁ። የፈረሱንም፣ የኦቦ ቃዲርንም።

ካሜራዬን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆምኩ። ቦታው ያው ነው፤ ጅብራው፣ ድንጋዩ፣ የፍልፈሉ ጉድጓዶች። አዴ ዘይነባ ሳልጠይቃቸው ሄደው ጅብራው አጠገብ ቆሙ።

«እዚህ?»

«ትንሽ ወደ ግራ። አዎ፣ እዚያ።»

ካፖርቱን ጠበቅ አደረጉና ሜዳውን ማየት ጀመሩ። ብርሃኑን ለካሁ፣ አንድ ጊዜ አነሳሁ፣ ሁለተኛ አነሳሁ።

ያኔ ከድንጋዩ ጀርባ መጣ። ቀይ፣ ቀጭን፣ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ሥራ እንዳለበት ሰው። አዴ ዘይነባም አዩት። ቀበሮው ቆመ፤ ቀና ብሎ ካፖርቱን ተመለከተ። ፀሐይዋ ልክ በዚያች ሰዓት ብቅ አለች። ከዘጠኝ ዓመት ልምዴ ምላሴ ላይ የመጣው ቃል አንድ ነው፤ ዋጥኩት።

እሳቸው ግን ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ቀበሮው እንዳይደነግጥ በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ልውጣልህ?»

«አይ፣ አዴ» አልኩ። «እዚያው ይቁሙ።»