የሦስተኛው ሲሊንደር ድምፅ

ሲይዙኝ ሞጣ፣ ጋራዤ ውስጥ፣ መኪና ሥር ተኝቼ ነበር። እግሬን ጎትተው አወጡኝ። ባለቤቴ የመጨረሻ ወሯ ላይ ነበረች፤ በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አየችኝ። በማግስቱ ቢቸና ወስደው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ወለሉ ላይ የተራረፈ ጤፍ ነበረ፤ ስንተኛ ጉንጫችን ላይ ይለጠፋል። አርባ ያህል ሰው ተጋድሟል። ሁሉም ቦታ የለም በሚል ዓይን ሲያየኝ፣ ጥጉ ላይ ያለ አንድ ጺማም ሰው ብቻ ጎኑን ሰብሰብ አድርጎ በእጁ ጠራኝ።

የቢቸና ወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እኩያዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ናፍጣ ሞተር ሥር ውሎ ጆሮው ከብዷል፤ ካልጮኹበት አይሰማም። ደግ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የእኔን ክፋት የሚመለከት ነውና።

ቀናሁበት። ሚስቱ በየቀኑ ምሳ ይዛ ትመጣለች። መግባት ስለማይፈቀድላት ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ ጆሮውን ስለምታውቅ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ትጮሃለች።

"እንዴት አደርህ? ትሰማለህ ወይ? በጋችን መንታ ወለደች! ሁለቱም ሴት ናቸው!"

አርባችንም እንሰማለን። እሱ ይስቃል። ከዚያ ምሳውን ለሁለት ይከፍልና ግማሹን ወደ እኔ ይገፋል። እበላለሁ፤ እየበላሁም እቀናለሁ። የእኔዋ አራስ ናት፤ ሕፃን ታቅፋ በዚያ መንገድ ከሞጣ ቢቸና አትመጣም። ሴት ልጅ መውለዷን የሰማሁት ከሰው አፍ ነው። ልጄ አምስት ወር ሲሞላት እኔ መልኳን አላውቅም ነበር። ከዚያ ሰውዬ ያልቀናሁበት ነገር ቢኖር ጆሮው ብቻ ነው።

የእስር ቤቱ ኃላፊ የሚንቀሳቀስባት አንዲት የናፍጣ መኪና ነበረች። ጠዋት ስትነሳ ከመጋዘኑ ሆኜ አዳምጣታለሁ። ሞጣ ውስጥ በዚህ ነው የምታወቀው፤ መኪና በደጄ ሲያልፍ ሰምቼ ምኑን እንዳመመው እናገራለሁ። አንድ ሰሞን ከላይ በኩል ቀጭ፣ ቀጭ ትል ጀመር። ይህ የቫልቭ መላላት ነው፤ አያስጨንቅም። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ ተጨመረበት፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ፣ በርሜል በመዶሻ እንደ መምታት።

አንድ ቀን ጠባቂው በሩን ከፈተና "መካኒኩ የታል? ውጣ!" አለ።

ግቢው ውስጥ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ረጅም ካቻቢቴ ተቀብዬ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አሳረፍሁ። ናፍጣ የሚያደርሱትን ቧንቧዎች አንድ በአንድ አላላሁ። ሦስተኛው ሲላላ ጓጓታው ጠፋ። ስለዚህ ሕመሙ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው። ግን ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ከታች ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚን ተበልቷል፣ ወይ ከላይ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቷል። ብሮንዚን ከሆነ ሞተሩ ይፈታል። ኖዝል ከሆነ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጭሱ ጥቁር ነበር፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ኖዝሉን ያስጠረጥራል። አላየሁትም አልልም።

"ብሮንዚን ነው" አልሁ። "ሞተሩ መፈታት አለበት። መሣሪያዬ ያለው ሞጣ ነው።"

"እስከ ሞጣ ትደርሳለች?" አለ ኃላፊው።

"ቀስ ተብሎ ከተነዳ ትደርሳለች።"

ብሮንዚኑ የተበላ መኪና ያን መንገድ እንደማይጨርስ ማንም ሾፌር ያውቃል። ኃላፊው ለአፍታ አየኝና "እስቲ ያንን የወፍጮውን ሰውዬ አምጡት" አለ።

ጠባቂው ብሮንዚን መባሉን ጆሮው ሥር ጮኾ ነገረው። ሰውየው ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ አላደረገም። እጀታውን በጥርሱ ነከሰ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ትንሽ ቆይቶ እንደ ልማዱ ጮኸ።

"ብሮንዚን አይደለም! ኖዝል ነው! የእኔዋም ወፍጮ ስንቴ እንዲህ አድርጋኛለች!"

የቀረችኝን አንዲት ነገር፣ ጆሮዬን፣ ደንቆሮ ሰው በጥርሱ ነጠቀኝ።

"እንግዲህ ከሁለት አንዳችሁ አሻጥረኛ ነው" አለ ኃላፊው። በዚያ ዘመን ይህ ስም የወጣለት ሰው ከመጋዘኑ ተጠርቶ ይወጣል፤ አይመለስም። "የትኛችሁ ነው?"

ሰውየው አልሰማም። እንደ ሙያ ጓደኛው እያየኝ ፈገግ ይላል። እኔ ዝም አልሁ። ፈገግታው ንቀት መስሎት ጠባቂው ትከሻውን ተጭኖ ጠጠሩ ላይ ሲያንበረክከውም ዝም አልሁ። ተንበርክኮ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን አሉ?" አለኝ።

"ቁልፍ ስጡኝ" አልሁ።

የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኖዝል ፈትቼ አቀያየርኋቸው። ጓጓታው ከኖዝሉ ጋር ወደ ሁለተኛው ከተዛወረ እሱ ልክ ነው፤ እዚያው ከቀረ እኔ። መኪናዋ ስትነሳ ቧንቧዎቹን እንደገና አላላሁ። ወደ ሁለተኛው ተዛውሯል። ኃላፊው ይህን ለይቶ አያውቅም፤ አሁንም መዋሸት እችል ነበር።

"ልክ እሱ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አስነሱት።"

"ለምን ዋሸህ?"

"ሞጣ ያላየኋት ልጅ አለችኝ።"

ልጅ ስላልሁ ይሁን አላውቅም፣ ኃላፊው አሻጥረኛ አላለኝም። ሰውየውን አስነሱት፤ በእሱ ቦታ እስኪመሽ ተንበረከክሁ። ትርፍ ኖዝል ጋራዤ ውስጥ እንዳለ ብነግራቸውም እኔን ማን ይመነኝ? በማግስቱ ኖዝሉን እንዲለይላቸው እሱን ይዘው ሞጣ ሄዱ።

ወደ ማታ ተመለሰ። አጠገቤ ሳይቀመጥ ገና ከበሩ ጮኸ።

"ልጅህን አየኋት! ግንባሯ ቁርጥ አንተን ነው! አቀፍኋት፣ ምንም አላለቀሰችም!"

አርባው ሰው እልል አለ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። በሰው እንዲያ ቀንቼ አላውቅም። ጆሮው አይሰማ፣ አልቅሳ ይሆናል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ቆይቼ ግን አላስችል አለኝና ዞሬ "እስቲ ደግመህ ንገረኝ" አልሁት። ሦስት ጊዜ አስደገምሁት።

ስፈታ ልጄ ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ላቅፋት እጄን ስዘረጋ እየጮኸች እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። በዚያው ሳምንት ባለቤቴን ጠየቅኋት፤ ያ ሰው ሲያቅፋት አላለቀሰችም?

"ኧረ እንዲያውም" አለችኝ፣ "ጺሙን ጨምድዳ ይዛ አልለቅም ብላ ስንት አስቸገረችን።"

ዛሬ ልጄ ራሷ የልጆች እናት ናት። ስለ እስሩ ስትጠይቀኝ የቻልሁትን እነግራታለሁ፤ ስለ ውሸቴም ነግሬያታለሁ። ጺምህ ሽማግሌ አስመሰለህ እያለች ተላጨው ትለኛለች። ከተፈታሁ ጀምሮ ግን ጺሜን ተላጭቼው አላውቅም።