የማህሌት ቀኝ ክንድ

ልጄ ማህሌት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኘው የሕዝብ የቴኒስ ሜዳ ላይ ሰርቭ፣ የመክፈቻውን ምት፣ ስትለማመድ ቆየችና በቀኝ የእጅ አንጓዋ ያለውን የላብ መጥረጊያ ማሰሪያ ልታወልቅ ታገለች። አልወጣ አላት።

«ጠበበኝ አባዬ። ክንዴም ከብዶኛል።»

ክንዷን ከግራው ጋር አስተያየሁት። አብጧል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ከትከሻዋ ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ ከዚያ በፊት አይቻቸው የማላውቅ የደም ሥሮች ተገትረዋል። የሕመሙ መጀመሪያ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ክንድ ለሚያጋጥማቸው ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ ቴኒስ ከሆነ ግን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሐበሻ በዚህ አካባቢ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆኜ ስሠራ፣ ከላይብረሪ የተዋስኳቸውን የቴኒስ መጻሕፍት መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ጨረስኳቸው። ማህሌት ሰባት ዓመት ሳይሞላት ራኬት አስጨበጥኳት። በክፍያ የሚያሠለጥኑት ሰዎች አያያዟን አይተው ሳቁ፤ ኋላ ግን እነሱው መጥተው እንዴት እንዳስተማርኳት ጠየቁኝ።

ወዳጄ በቀለ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰው ሰብስቦ ያሾፍብኝ ነበር።

«አሠልጣኙ! ለመሆኑ አንተ ራስህ ተጫውተህ ታውቃለህ?»

«አዋላጅ ሁሉ ወልዳለች እንዴ?» እለዋለሁ።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ ፕሮፌሽናል ሆነች። ብዙ ዓመት ከከተማ ከተማ ዞረች፤ በትንንሽ ውድድሮች አሸነፈች፤ በትልልቆቹ ማጣሪያው ላይ ወደቀች። አንድ ጊዜ ማጣሪያውን አልፋ ከታላላቆቹ አንዷን በመጀመሪያው ዙር አሰናበተቻት። ያን ዕለት ስሟ በቴሌቪዥን ተጠራ፤ አጠራሩ ቢበላሽም ተጠራ።

ወደ ክንዷ ልመለስ። «ወለምታ ነው» አልኳት። እጄ ለወጌሻነት የታወቀ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ያላሸሁት ቁርጭምጭሚት ጥቂት ነው። ቅባት አውጥቼ እጄን ስዘረጋ ክንዷን ሸሸገች።

«ኖ አባዬ፣ አትንካው! ይሄ ወለምታ አይደለም።»

ከልጅነቷ ጀምሮ እጄን እምቢ ብላ አታውቅም። ተቀየምኩ። አሌክሳንድሪያ ወዳለው አፓርትመንቷ ስትሄድ አልሸኘኋትም።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። «አባዬ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ኢመርጀንሲ ነኝ።»

ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ደረስን። አልትራሳውንድ ተነሳች። ቀጥሎ ሲቲ ስካን። ከአንገት አጥንቷ ሥር ባለው ትልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቷል። መንገዱ ተዘግቷል። ከረጋው ደም ጥቂቱ ሳንባዋ ገብቷል።

ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። «ክንዱን ያሸው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም» አለች ማህሌት። እኔን አላየችኝም።

«ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ክንድ ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አሁን ከሄደው በላይ ማለት ነው።»

አስካለ ዞራ አየችኝ።

የሕመሙ ስም ቶራሲክ አውትሌት ሲንድሮም ይባላል። በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት መካከል ያለው መተላለፊያ ይጠባል። ክንድ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር ደም መልሱ ይጨፈለቃል። ለዓመታት ሲደጋገም ይቆስላል። ከዚያ ደም ይረጋል።

«ሰርቩ ነው?» አልኳት ሐኪሟን።

«አፈጣጠሯም ጠባብ ነው፤ ሰርቩ ብቻ አይደለም» አለች። ቆየት ብላ «ግን ሰርቩም ነው» አለችኝ።

ያን ሰርቭ የሠራሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው።

በክንዷ ቀጭን ቱቦ፣ ካቴተር፣ አስገቡ። ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አፈሰሱ። አይሲዩ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ተኛች። ቀጥሎ በብብቷ በኩል ገብተው የመጀመሪያውን የጎን አጥንቷን አወጡ። ቆሜ አየኋት። ከንፈሯ ደርቋል። ክንዷ ትራስ ላይ ነው። የእሷ አይመስልም።

በቀለ ደወለ። «ልጅቷ የት ጠፋች? ቲቪ ላይ አጣናት እኮ!»

«አውሮፓ ናት፤ ውድድር ላይ» አልኩት። ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነው። ማህሌት ሰማች። ዓይኗን ጨፈነች።

አስካለ ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «በቀለ፣ ልጃችን ታማለች። ና ጠይቃት» አለችው። ከሰዓት በኋላ መጣ። ምንም ሳያሾፍ ከእግሯ በኩል ተቀመጠና አለቀሰ። ይህን ሰው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ እኛ ቤት ሆና የደም ማቅጠኛ እየዋጠች ፊዚካል ቴራፒ ጀመረች፤ እኔም በየቀኑ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ አውራ ጎዳና እየነዳሁ አሌክሳንድሪያ ቴራፒው ቦታ አደርሳት ነበር፤ ኳሷን በመዳፏ ግድግዳ ላይ ስታንከባልል፣ ከዚያ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ስታነሳ፣ ኋላም ከራሷ በላይ ስታደርስ፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ከቴራፒስቱ ቀድሜ አስተውል ነበር። እሷ ስትተኛ የዓለም ቴኒስ ደረጃዋ ወደ ታች እየወረደ ከዝርዝሩ ወጣ። እኔ ግን የምትመለስበትን ውድድር በሆዴ መርጬ ነበር።

በመጨረሻ ሐኪሟ ምስሉን አየችና «ደም መልሱ ተከፍቷል። ከፈለገች መጫወት ትችላለች» አለች።

ብድግ ብዬ ጮኽኩ። «አላልኩም! አላልኩም!»

ማህሌት ታለቅስ ነበር። ደስታ መሰለኝ። መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሳ ነገረችኝ።

«አባዬ፣ ተመልሼ አልጫወትም።»

«ትችያለሽ ተብለሻል እኮ!»

«እችላለሁ። አልፈልግም። ክንዴን ሳነሳ ያ ትንፋሽ ያጣሁበት ጠዋት ነው የሚመጣብኝ። ደግሞ ሠላሳ ልሞላ ነው፤ ከሰርቭ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። አይ አም ታየርድ፣ አባዬ። ገና ሳልታመም ጀምሮ ደክሞኝ ነበር።»

የመኪናውን ቁልፍ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ዛሬ ኮሌጅ ገብታለች። ክንዷ ከግራው እኩል ሆኗል። እሑድ እሑድ እቤት ትመጣለች፤ ምሳ እንበላለን፤ ስለ ቴኒስ አናነሳም። እኔ በሙሉ ዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ቆመ። ጠዋት ስነሳ የምሄድበት ሜዳ የለም። ይህ ይሻላል ብዬ ላጽናናችሁ አልችልም፤ እስካሁን አልተሻለኝም።

ቢሆንም ልጄ በሕይወት አለችና እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሟንና ሌሊቱን ሁሉ ከአጠገቧ ያልተለዩትን ነርሶች አመሰግናለሁ። እኔ ስዋሽ እውነቱን የተናገረችውን አስካለን አመሰግናለሁ።

ለእናንተ የምለው ይህን ነው። አንድ ክንድ በድንገት ካበጠ፣ ከከበደና ቀለሙ ከተለወጠ፣ አትሹት፤ ወጌሻም ጋ አትውሰዱት፤ በዚያው ሰዓት ኢመርጀንሲ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ራሳችሁ አትንዱ፤ አምቡላንስ ጥሩ። ሕመሙን ከወዳጅ አትደብቁ፤ የታመመ ሰው ብቻውን ሲተኛ ሁለት ጊዜ ይታመማል። ሐኪሙ «ድናለች» ያለ ዕለት ደግሞ ቶሎ ብላችሁ እልል አትበሉ። መጀመሪያ ዞር ብላችሁ የልጃችሁን ፊት እዩ።