ሃያ አምስቱ ነው የሚቀድመው

ዛሬ የመኖሪያ ፈቃዴን ላሳድስ የሄድኩበት ቢሮ አዲስ ቀለም ይሸታል። አባቴም እንዲህ ይሸት ነበር፤ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ቤት ቀለም ይቀባ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ ቦታው ሄጄ የሂሳብ ደብተሬን አሳየሁት። እዚህ ሱዳን ሂሳብም እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጻፈው። አገር ቤት የተማረው አባቴ ግን እኩልታው መልስ ይኑረው አይኑረው የሚለየውን ዲስክሪሚናንት ከግራ አነበበው።

«ከሃያ አራት ላይ ሃያ አምስት ሲቀነስ ከዜሮ በታች ነው። መልስ የለውም!» ብሎ ሁለቱንም መልሶቼን ሰረዘ። «ይኼ ካቃተሽ ከእናትሽ ጋር ሰው ቤት ጽዳት ትገቢያለሽ።»

እርሳሱን ነጠቅኩት። ባልተቀባው ግድግዳ ላይ በኤክስ ቦታ ከሰረዛቸው መልሶች አንዱን፣ ነጌቲቭ ሁለትን፣ አስገባሁ፤ ልክ እንደሚገባው ዜሮ ወጣ።

«ከቀኝ አንብበው፣ አባዬ! ሃያ አምስቱ ነው የሚቀድመው።»

ግድግዳውን ብዙ አየው። «እኔም ያኔ ፈቃድ ሲከለክሉኝ እንዲህ ብሟገት ኖሮ…» አለ። በዚያን ጊዜ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

«ማፊ ሐል፣ መፍትሔ የለውም» አለኝ ዛሬ የፈቃድ ቢሮው ጸሐፊ፣ ፋይሌን እየዘጋ።

ከወንበሬ አልተነሣሁም።

«ከየት በኩል ነው ያነበብከው? ክፈተው፤ አብረን እናነበዋለን።»