ቆዳው የታለ?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጋዘኑ ኃላፊ አንድ ሳጥን መርፌና የኮርማ ማኮላሻ ጉጠት አስረከበኝና፣ «ስማ፣ ከብት ሲሞት ቆዳው እዚህ ገቢ ይሆናል። ቆዳው ካልመጣ ከብቱ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል» አለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። ቴፒ አጠገብ ባለ የመንግሥት ቡና እርሻ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ መቀጠሬ ነበር። ለሠራተኛው ወተት የሚሰጡ ላሞችና ጋሪ የሚስቡ በሬዎች ነበሩን። እኔ ሞኙ ነገሩን እንደ ቀልድ ሰምቼ ሳቅሁ።

ከብቶቹን የሚጠብቁትም የሚያልቡትም ጋሽ አደሎ ነበሩ። የማሻ ሰው ናቸው፤ ላሞቹን በየስማቸው እየጠሩ፣ የማትታዘዘውን እንደ ምራት እየተቆጡ ይውላሉ።

አንድ ጠዋት ጮኸው ጠሩኝ። ማታ ደህና የገባው በሬ በረት ውስጥ ተነፍቶ ሞቷል። ካፍንጫው የሚወርደው ደም ጥቁር ነው፤ አይረጋም። አባ ሰንጋ! ይህ በሽታ ሬሳው ሲከፈት መሬቱን ይበክላል፤ ከሣሩ ወደ ከብት፣ ከሥጋውና ከቆዳው ወደ ሰው ይሄዳል።

«ማንም እንዳይነካው! ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ኖራ ነስንሰን ከነቆዳው እንቀብረዋለን። ሌሎቹ ከዚህ በረት ይውጡ» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር መጣ። ስለ በሽታው አንዲት ቃል አልጠየቀም።

«ቆዳው የታለ?»

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን በሬ የገፈፈ ሰው ሊሞት ይችላል።»

«የሕዝብ ንብረት አፈር አይበላውም። ቆዳው ካልገባ ተጠያቂው ጠባቂው ነው» ብሎ ሄደ። ጋሽ አደሎ እዚያው ቆመዋል፤ ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ደሜ ፈላ።

ክትባት ለማምጣት ሚዛን ከተማ መሄድ ነበረብኝ። እስክመለስ ሬሳውን እንዳይነኩት ጋሽ አደሎን ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ አንተ በበሽታ ታስፈራራኛለህ፣ እነሱ በእስር» አሉኝ። «በሽታው ምናልባት ይምረኝ ይሆናል።»

በማግስቱ ስመለስ ቆዳው የመጋዘኑ አጥር ላይ ተሰጥቷል፤ ከሥሩ የተንጠባጠበውን ደም ውሻ ይልሳል። «ይህን አቃጥላለሁ!» ብዬ ጮኽኩ። የመጋዘን ኃላፊው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ገቢ ከሆነ በኋላማ የፈለግከውን አድርግ።» ወይ ጉድ! ለዚህ ነው ጋሽ አደሎ እጃቸውን ደም ውስጥ የነከሩት? ጋዝ አርከፍክፌ አቃጠልኩት፤ ሬሳውን አስቀብሬ መንጋውን ከተብኩ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የጋሽ አደሎ የእጅ አንጓ ላይ ቁስል ወጣ፤ መሐሉ እንደ ከሰል ጠቁሯል። «አያምም እኮ» አሉ። እኔን ያስደነገጠኝ አለማመሙ ነው፤ የአባ ሰንጋ ቁስል እንዲህ ነው። መኪና ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ «ቡና ሊጭን ነው» አለኝ። ሾፌሩ ግን «ቡናው አይሸሽም፣ ጋሼ ይግቡ» ብሎ በሩን ከፈተ። ሚዛን ሆስፒታል አስተኟቸው።

እሳቸው እዚያ ተኝተው ሳለ፣ ክትባቱ ሳይዝለት ሌላ በሬ ሞተ። ሥራ አስኪያጁ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቢላዋ አምጥቼ፣ ሠራተኛው ሁሉ እያየ፣ እጀታውን ወደ እሱ አዞርኩለት።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እርስዎ ይግፈፉት።»

ቢላዋውን አየ፤ ሬሳውን አየ። ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

«ቅበሩት» አለ።

እንዲህ ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት፤ ለመጀመሪያው በሬ ግን የሰው እጅ ከሚተርፍ ቆዳ ይተርፍ ተባለ። ጋሽ አደሎ ድነው ወጡ፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ልብ መታጠፍ እምቢ አሉ፣ ማለብ ቀረባቸው። ላሞቹን ሌላ ሰው ሲያልብ ቆመው ያዩ ነበር።

ወደዚህ ሙያ ለምትመጡ፦ በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት ከነቆዳው ይቀበራል። ግፈፉ የሚል አለቃ ካለ ራሱ ይግፈፍ።