ጥግ የማይገባው ማሽን

እህቴ የምትጠርገው ቁጭ ብላ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ሁለታችንም አንድ መጋዘን ውስጥ ነን፤ እኔ የሌሊት ዘበኛ፣ እሷ የመጥረጊያ ማሽን ነጂ። ማሽኑ ወንበርና መሪ አለው፤ ከሥሩ ብሩሽ ይሽከረከራል፣ የጠረገውን ከኋላው ያለው ሳጥን ይውጠዋል። እህቴ ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት በእጇ ስትጠርግ ጉልበቷ አልቋል። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ጎንበስ ቀና የለም" ብሏታል። ማሽኑን ከወሰዱባት ቤት መዋሏ ነው።

ለማሽኑ ያላት ፍቅር ጉድ ነው። ሥራ ስትጨርስ ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን የካርቶን ማሰሪያ በመቀስ እየቆረጠች ታወጣለች፣ ፊልትሮውን ታራግፋለች፣ ባትሪውን ቻርጅ ላይ ትሰካና "በል ደህና እደር" ትለዋለች። እኔን ወንድሟን እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ታዲያ አዲስ የጽዳት ኃላፊ መጣልን። ካልመዘነ አያምንምና ሠራተኛው "ሚዛኑ" ይለዋል። እሱ ሆዬ ከማሽኑ ሳጥን የሚወጣውን አቧራ በየቀኑ ማስመዘን ጀመረ። መጀመሪያ አሥራ አንድ ኪሎ ነበር፤ ቀጥሎ ሰባት፤ ከዚያ ሦስት።

"ሥራ ቀንሰሻል" አላት እኔው ፊት።

"ወለሉ እየጸዳ ነው እኮ ጌታዬ።"

"ወረቀቱ እንደዚያ አይልም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻሻለ ማሽኑ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል።"

ደሜ ፈላ። ሰው ጎበዝ በመሆኑ ሲቀጣ አይቼ አላውቅም። እሷ ግን ማሽኗ ላይ ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ከቤታችን ጓሮ ስድስት ኪሎ የሚሆን አፈር በፌስታል ይዤ ሥራ ገባሁ። ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይን እንዳይገባ ብዬ በየጥጋጥጉ በተንኩት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ በሩ ላይ ቆምኩና "እንደምን አደርሽ እትዬ" አልኳት። የዚያን ቀን ዘጠኝ ኪሎ ተመዘነ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ኃላፊው ደስ ብሎት ስሟን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈላት፤ እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እያነበብኩ ደረቴን እነፋለሁ። እሷ ማታ ማታ ጉልበቷ ላይ በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማድረግ ጀመረች። "ብርዱ ነው" አለችኝ፤ አመንኳት።

በሃያኛው ቀን አመሻሽ ላይ ፌስታሌን ይዤ ከቤት ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"አንተ! ጥግ ላይ አትበትን።"

ኩም አልኩ። "ምኑን?"

"አፈሩን ነዋ። የጓሯችን አፈር ይጠፋኛል? የሽንኩርት ልጣጩን እንኳ ከውስጡ አልለቀምክም። ማሽኑ ጥግ አይገባም። ሃያ ቀን ሙሉ እየወረድኩ፣ ጎንበስ ብዬ በእጅ መጥረጊያ ነው የማወጣው።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ። ዛሬ ግን ካጎነበስኩበት መነሳት አቃተኝ፤ ዕቃ ጫኞቹ ናቸው ደግፈው ያነሱኝ።"

ፌስታሉን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ። እሷ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ አነሳች፣ ጨመቀችው፣ መልሳ እዚያው አደረገችው።

"ሂድ እንጂ፣ ይመሽብሃል" አለችኝ። "መሃል መሃሉን በትነው።"