የሐሙሲት ቁና

አሁን የምኖረው ሐሙሲት ነው። ባለፈው ገበያ ሽምብራ ስገዛ፣ ሻጯ ልጅ ቁናውን ሞልታ ከአፉ በላይ ያለውን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ጆንያው መለሰችው። የእህሉ አቧራ አፍንጫዬን ከረከረኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

አሥር ዓመቴ ነበር። ከጋፋት ከአክስቴ ጋር እዚሁ ገበያ ገብስ ልንሸጥ መጣን፤ ሰፋሪዋ እኔ ነበርኩ። አገሬ እንደለመድኩት ቁናውን ሞልቼ በመዳፌ ጠረግኩት። ገዢዋ አሮጊት እጄን ያዙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ዐይኔ እያየ ትሰርቂኛለሽ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «ሙሉ ነው እኮ» አልኩ። የሰማኝ የለም።

አክስቴ ቁናውን ነጥቃኝ ገብሱ በግራ በቀኝ እስኪፈስ ቆለለችው። «ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ልጅ ናት» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ሰው አገር ቁና ሲሉሽ የዚያን አገር ቁና ስፈሪ» አለችኝ።

«እኛ አገር ግን ይጠረጋል!»

«አገርሽ ስትገቢ ትጠርጊዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ ገበያው እስኪበተን ራሷ ሰፈረች። ልሰርቅ መስሏት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳልጠይቃት ሞተች።

ሽምብራ ሻጯ ልጅ ከጎኗ ያሉት ሴቶች ሲጠቃቀሱ አየች መሰለኝ፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሙሉ ነው እትዬ» አለችኝ ሳልጠይቃት።

«አውቃለሁ» ብዬ ከረጢቴን ዘረጋሁላት።