ዘመድ የማትጭን መኪና

በፊጂ፣ በናውሶሪ ከተማ፣ ያገለገሉ መኪኖችን የሚሸጠው ራቭኒል አንዲት ሴት መኪና ልትመርጥ ስትመጣ ሲያያት ይህ ሦስተኛ ቅዳሜው ነው። ነጩ የነርስ ጫማዋ ጉድፍ አያውቅም፤ ከጆሮዋ በላይ ዘወትር ቀይ አበባ ትሰካለች። እንደ ሌላው ገዢ ሞተር አታስከፍትም፤ ከኋላ ገብታ የመቀመጫውን ስፋት በስንዝር ትለካለች።

«ከሰኞ ጀምሮ ዋና ከተማው ሱቫ ለአዲሱ ሥራዬ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መድረስ አለብኝ፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚያደርሰኝ ግን አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ይህችን ውሰጃ፣ እህቴ። ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም። ጥፋቷ ጠባብነቷ ነው፤ ዘመድ አትጭንም።»

«እሰይ! መንደሬ በሙሉ የአክስቴ ልጅ ነው። አሳፍሪን ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልበትም፤ መኪናዋ እምቢ ትበልልኝ!»

ራቭኒል እየሣቀ ቁልፉን ሰጣት። ሞተሩን አስነሥታ ዓይኖቿን ጨፍና አደመጠች። ከዚያም አበባዋን ነቅላ ከመሪው ፊት ለፊት አኖረችው፤ ምርጫዋን እንደ ቆረጠች ገባው።

ዋጋዋን ከፍላ ከግቢው በር ስትደርስ ግን ቆመች፤ መስኮቱንም ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ፣ ማለዳ የሚነሡ ቀጫጭን ዘመዶች ቢገኙ፣ ከኋላ አራት ይችላሉ?»

«ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ስትለኪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«ይችላሉ» አለች ፊቷ በርቶ፤ ወደ መንደሯም ነዳች።